«እዚህ ጋ ይደብራል»፦ ከድሬዳዋ የአንድ የታዳጊዎች ልብ ወለድ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 3 ቀን 2016

ዛሬ ጀመርኩ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጀምሬ መሃል ላይ ትቼዋለሁ። የአሁኑን ግን ማስታወሻ እየያዝኩ ልሂድ ብያለሁ፤ ቢያንስ የት ላይ እንደቆምኩና ለምን እንደቆምኩ ተጽፎ ይቀመጥ።

የምጽፈው ከ12 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ሳቢያን አካባቢ ማታ ማታ ተማሪ አስጠናለሁ። ሂሳቡ ካለቀ በኋላ «ከትምህርት ውጭ ምን ታነባላችሁ?» ስላቸው ዝም ይላሉ። ማንበብ ጠልተው አይደለም። የተረት መጽሐፍ አልፏቸዋል፣ የትልልቅ ሰው ልብ ወለድ ደግሞ ገና አልደረሰባቸውም፣ መሃል ላይ ያሉትን እነሱን የሚያውቅ መጽሐፍ እጃቸው አልገባም። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እኮ ዋና ባለታሪኮቹ መንታ ወንድምና እህት ናቸው። ከወጣቶች ነው የተነሳነው።

ታሪኬ እንዲህ ነው። ሂባ 14 ዓመቷ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል፣ መጋላ ነው የምትኖረው። አያቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሲሞቱ አንድ ደብተር ትተዋል፣ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚያነበው የለም። የሸመንደፈር፣ ማለትም የባቡር ድርጅቱ፣ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ለእሳቸው ዘመን ሠራተኛ ይሄ ብርቅ አልነበረም፣ ለሂባ ግን የተቆለፈ ሳጥን ነው። ደብተሩን የሚያነብላት ሰው ፍለጋ ከተማዋን ታካልላለች። ያገኘችው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ገጽ ብቻ ያነብላታል።

ጥቅምት 19

31 ገጽ። የምጽፈው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ ጭንቅላቴ አይታዘዘኝም፣ ማታ ደግሞ ጥናቱ አለ። መጀመሪያ በእጅ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ኮምፒውተር ላይ እገለብጣለሁ። ስገለብጥ ሲሶው ይወድቃል። እጄ የጻፈው ረጅም ዓረፍተ ነገር ስክሪን ላይ ሲታይ ለልጅ የማይሆን መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ኅዳር 8

ይሄን ቀን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ከማስጠናቸው ልጆች ስድስቱን ጠራኋቸው፣ አራት ሴት ሁለት ወንድ፣ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል። ከዚራ የአክስቴ ግቢ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ምንጣፍ አነጠፍን። 11 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል። ሳንቡሳና ሻይ ነበር። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ሌላ ደብተር ጉልበቴ ላይ ነበር። አንዳቸው ስልክ በነካ ወይም ዓይኑን ባዞረ ቁጥር የደረስኩበትን መስመር ምልክት አደርጋለሁ ብዬ ወስኜ ነበር።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ስምንት ምልክት።

ገጹ የከተማዋ ታሪክ ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ተራራውን አቋርጦ ሐረር መውጣት ስለከበደው ከሥሩ ሜዳው ላይ እንደቆመ፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ቦታው መጀመሪያ አዲስ ሐረር እንደተባለ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 እንደቆየ። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉንም እወደዋለሁ። ስጨርስ የስምንተኛ ክፍሏ ልጅ በጣም በትህትና «ቲቸር፣ ሂባ እስክትመጣ ድረስ ይደብራል» አለችኝ። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ፣ እንዳላዝን ብለው።

ሌሊቱን ስገለባብጥ አደርኩ። ታሪኩን ላስቀር አልፈለግኩም፤ የራሳቸው ከተማ ነው። ያገኘሁት መላ አንዲት ቃል ናት። ሂባ ከደብተሩ ሽፋን ላይ የምታውቃቸውን የእንግሊዝኛ ፊደላት እየቆጠረች «ላ ጋር» የሚል ታነባለች፣ ደጋግማ ስትለው ለገሃር ይሆናል። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠራው የኖረችው ስም ፈረንሳይኛ ኖሯል፣ ትርጉሙም ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማወቅ የምትፈልገው እሷ ራሷ ናት። ሐዲዱ ለምን ሐረር እንዳልወጣ የምትጠይቀው እሷ ናት። የማስረዳው ነገር ሁሉ ለሷ ጥያቄ መልስ ሲሆን ብቻ እንዲገባ ወሰንኩ።

ኅዳር 15

አዲሱን መጀመሪያ አነበብኩ። ሁለት ምልክት። ለገሃር ላይ ስደርስ አንዱ ልጅ «በናትሽ!» ብሎ ተነሳ። ከዚያ ራሳቸው ሌላ ቃል ፍለጋ ገቡ። ሸመንደፈር የሚለውም የባቡር ሐዲድ የሚል የፈረንሳይኛ ቃል መሆኑን ስነግራቸው ንባቡ ቆመ፣ ጨዋታው እስኪመሽ ቀጠለ።

ታኅሣሥ 6

ዛሬ የተጣላነው በንግግር ነው።

ልጆቹን በድሬ አነጋገር ለማናገር ብዬ በየዓረፍተ ነገሩ «አቦ» ከትቼ ነበር። ረጅሙ ልጅ አላስጨረሰኝም። «ቲቸር፣ እንዲህ የሚያወራ ሰው አታውቂም እኮ። በቀልድ ላይ ነው እንዲህ የሚያደርጉን።» እውነቱን ነው። እኔ ራሴ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ሰው፣ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ሌላው ሰው የሚስለውን የድሬ ልጅ ሣልኩ። አሳፈረኝ። ወዲያው አወጣሁት። ከ60 በላይ ከነበረው «አቦ» የቀረው ዘጠኝ ነው፤ ሰው ሲሰለቸው፣ ሲለምን፣ ሲገረም፣ በእውነት አፍ የሚያመልጥበት ቦታ ላይ ብቻ።

ከባዱ የቋንቋው ቅልቅል ነው። የኔ ስድስት ልጆች በአንድ ሰዓት ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይናገራሉ፣ ሲቀያይሩ ራሳቸውም አያውቁትም። ሂባ እናቷን «ሆዮ» ነው የምትለው። ጎረቤቷ ስትጠራት «ኮቱ» ትላታለች። መጀመሪያ ላይ ቃሉን ጽፌ ትርጉሙን ከግርጌ አስቀምጬ ነበር። ልጆቹ ጠየቁኝ፦ «ለማን ነው ይሄ ግርጌ? እኛ እናውቀዋለን።» ባሕር ዳር ላለ ልጅ ነው አልኩ። «ኮቱ ስትባል ሂባ ከሄደች፣ የባሕር ዳሩ ልጅም ና ማለት እንደሆነ ይገባዋል» አለች ትንሿ። ግርጌውን ሁሉ ደመሰስኩ። ቃሉ ገብቶ ሰውየው የሚያደርገው ነገር ትርጉሙን እንዲሸከም አደረግኩ።

ጥር 4

የባቡሩን አሮጌ ጋራዥ ለማየት ሄድኩ፣ ሁለቱን ወንዶች ይዤ። አንድ ጡረተኛ አዞሩን። ማሽኖቹ፣ የቆሙት ፉርጎዎች፣ የዘይት ሽታው። ስመለስ ሦስት ገጽ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩ።

ረቂቄ ላይ ሂባ በሐዲዱ መሃል ተዘርግታ ተኝታ እግርና ራሷ ሁለቱን ብረት አይነካም ብዬ ነበር። ለጡረተኛው አነበብኩላቸው። ፈገግ አሉና «ልጄ፣ የኛ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፣ የ14 ዓመት ልጅ አግድም ተኝታ አትበቃበትም» አሉኝ። ረጅሙ ልጅ በእርምጃ ለካው፣ ልክ ናቸው። ከከተማ ወጣ ብሎ የተሠራው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፣ እሱም ላይ ቢሆን አይሆንም። ትዕይንቱን ቀየርኩት፦ ሂባ በሁለቱ ብረት ላይ አንድ አንድ እግሯን አድርጋ ለመሄድ ትሞክራለች፣ እግሯ ይከፈትባታል፣ ትወድቃለች። ከበፊቱ በብዙ ይሻላል። ታዳጊ አንባቢ አንድ የማይሆን ነገር ካገኘ የቀረውንም አያምንሽም፣ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሁሉ በእግሬ ሄጄ ነው የማረጋግጠው።

የካቲት 9

የጎርፉ ምዕራፍ።

ከመጀመሪያውም የፈራሁት ይሄን ነው። የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ሲመጣ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኔ የማስታውሰው የእናቴን ክንድና ድምፁን ነው።

ለነዚህ ልጆች ግን ጎርፉ ሳይወለዱ የሆነ ነገር ነው፣ የእናትና የአባት ወሬ። ለዚህም ነው የአያትየው ደብተር የመጨረሻ ገጾቹ በውሃ የታጠቡት፤ ሂባ ጎርፉን የምታገኘው ቀለሙ በፈሰሰበት ወረቀት ላይ ነው።

ሳነብ አንድም ምልክት አላደረግኩም። ስልክ የነካ የለም። መሃል ላይ ግን አንዷ ልጅ ተነስታ ወጣች። ተከትያት ሄድኩ። የእናቷ እህት በዚያ ሌሊት ሄዳለች። አላወቅኩም ነበር፣ መጠየቅ ነበረብኝ። አልቅሰን ተመለስን፣ ምዕራፉን ግን ያን ቀን አልጨረስኩትም።

የካቲት 16

እናትየዋ መጡ። ልጅቷ ነግራቸው ነው። ምንጣፉ ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው «እስኪ አንብቢልኝ» አሉኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ አነበብኩ። ድምፁ ብዙ ከባድ መኪና እንደሚመጣ ነበር ብዬ ነበር። «መኪና አይደለም» አሉ። «ድንጋይ ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ። ቤት ውስጥ ሆነሽ ጥርስሽ ላይ ይሰማሻል።» ሌላ ምንም እንድቀይር አልፈለጉም። ሲወጡ «ስሟን አትጻፊ፣ ቀኑን ግን ጻፊ» አሉኝ። ሁለቱንም እንዳሉት አደረግኩ።

መጋቢት 14

ስለ ፍቅር። ሂባና ሮቤል የሚባል ልጅ አብረው ይሄዳሉ፣ አንድ ቀን እጇን ይይዛታል፣ በቃ። አንድ አባት ልጃቸው ስለነገረቻቸው ደውለው ጠየቁኝ፣ ገጹን ልኬላቸው አነበቡት፣ ችግር የለውም አሉ። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለም።

ሚያዝያ 12

ረቂቁ አለቀ። ሙቀቱ ጀምሯል፣ መብራትም ይሄዳል ይመጣል።

መጨረሻው ላይ አልተስማማንም። በኔ ረቂቅ አንድ ሰው የታጠቡትን ገጾች እንደምንም ያነብላታል፣ አያቷ ለልጅ ልጃቸው የጻፉት ደብዳቤ ይገኛል። «ልጄ ሆይ፣ ትምህርትሽን አክብሪ፣ ታሪክሽን አትርሺ…» እያለ ይሄዳል። ጥሩ ምክር ነው፣ ከልቤ ነው የጻፍኩት። ልጆቹ ግን ዝም አሉ። ከዚያ ትንሿ «ቲቸር፣ አያቷ ድንገት እንደ ሚኒ ሚዲያ ለምን ማውራት ጀመሩ?» አለች። ሁሉም ተንጫጩ። ገጾቹ ታጥበው ይቅሩ አሉ። በውሃ የሄደ ነገር ከሄደ ሄደ ነው፤ ከተመለሰ ጎርፉ ውሸት ሆነ አሉኝ።

አልተቀበልኳቸውም። ወላጅ ነው መጽሐፉን የሚገዛው፣ ወላጅ ደግሞ «ምን ያስተምራል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። እንዳለ ተውኩት።

ሰኔ 5

አርታኢዬ አንድ ወር ወሰዱ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን አንድ በአንድ አስተካክለዋል፤ አንዱን ቃል አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ፊደል ጽፌው ነበር። በልጆቹ ንግግር ላይ ግን «ጋ»ን ወደ «ጋር» ቀይረው ነበር፣ እዚያ ላይ ተከራከርኩ። «ልጁ ሲናገር ይናገር፣ ተራኪዋ ግን ትጻፍ» ብለው ተስማሙ። ይህቺን አባባል ግድግዳ ላይ ለጥፌያታለሁ።

ሐምሌ 10

ገጽ ቅንብሩ አለቀ፦ 183 ገጽ። ማተሚያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው፣ በስልክ ተነጋገርን። መጽሐፉ በ16 ገጽ እየታጠፈ ነው የሚሰፋው። 176 ገጽ ማለት 11 እጥፍ ነው፣ 183 ከሆነ ግን ወደ 192 መዝለል አለብኝ፣ ለዘጠኝ ባዶ ገጽ ወረቀት ልከፍል ነው። በ500 ኮፒ ሲባዛ፣ ባጠራቀምኩት ብር ላይ አይቻልም።

ሰባት ገጽ መሄድ አለበት። ሙሉውን አተምኩና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚህ ትንሽ ከዚያ ትንሽ ለመቆንጠር ስሞክር ሁሉም ቦታ ደማ። የማይደማው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። የአያትየው ደብዳቤ፣ አምስት ገጽ። አወጣሁት፣ ታሪኩ ሳይነካ ቆመ። የቀሩት ሁለት ገጾች ከመቅድሙ ሄዱ።

ለልጆቹ በስልክ ነገርኳቸው። ልክ እንደነበሩም ነገርኳቸው፤ በወረቀት ዋጋ ተገድጄ ባላየው ኖሮ ያ ምክር እዚያው ይቀር ነበር።

ሐምሌ 22

የመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር (ISBN) መጣ፣ ከአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው የሚሰጠው፣ በ978-99944 ይጀምራል። ለማተሚያ ቤቱ ግማሹን ክፍያ አስገባሁ።

ፒዲኤፉን ስልክላቸው፣ መልሰው ያሳዩኝ ናሙና ላይ «ሏ»፣ «ቷ» እና «ሟ» ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነዋል። የፊደሉ ፎንት ፋይሉ ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ ነው። ገጽ በገጽ ባላየው ኖሮ «እናቷ» የሚለው ሁሉ «እና» ከሳጥን ጋር ሆኖ 500 ጊዜ ይታተም ነበር። የሚያሳትም ሰው ካነበበኝ፦ ናሙናውን በስክሪን ብቻ አትዩት፣ አትማችሁ በጣት እየነካችሁ እዩት።

መስከረም 11 ቀን 2017

ካርቶኖቹ ደረሱ። ስድስቱም ልጆች መጥተው ከፈቱልኝ። የእያንዳንዳቸው ስም የመጀመሪያ ፊደል የምስጋናው ገጽ ላይ አለ፣ አልነገርኳቸውም ነበር። ትንሿ ፊደሏን ስታገኝ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ያን ያህል ነበር የፈለግኩት።

መስከረም 14

አንዷ ደወለች፣ «ቲቸር፣ ገጽ 48 ላይ ስደርስ 33 ተመልሶ መጣ» አለች። ካርቶኖቹን ሁሉ አራግፈን ቆጠርን። 23 ኮፒ ላይ አንዱ እጥፍ ሁለት ጊዜ ገብቷል፣ ተከታዩ ደግሞ የለም። ማተሚያ ቤቱ መጀመሪያ የኛ ስህተት አይደለም ብሎ ነበር፣ ፎቶ አንስቼ ስልክላቸው ሊተኩ ተስማሙ። ገና አልላኩም።

ኅዳር 7

ሽያጭ። ዕውነተኛውን ልጻፍ። መጽሐፍ መሸጫ ያስቀመጥኩት በቀስታ ነው የሚሄደው፣ ከሽፋን ዋጋው ላይ 30 በመቶ ይወስዳሉ፣ ገንዘቡም የሚመጣው ከተሸጠ በኋላ ነው። የሄደልኝ በእጅ ነው። በየትምህርት ቤቱ ፈቃድ እየጠየቅኩ በእረፍት ሰዓት የለገሃርን ገጽ አነባለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። «ከዚያስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ብዙዎቹ ብር የላቸውም፣ ስለዚህ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ይገዛሉ፣ በተራ ያነባሉ። እስካሁን 214።

ታኅሣሥ 19

አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ መጽሐፉ ገጽ በገጽ በስልክ ካሜራ ተነስቶ ተለጥፎ አየሁ። ሆዴ ተገለበጠ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራዬን በሕይወት እያለሁና ከሞትኩም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቅልኛል። አዋጁን ጠቅሼ ጻፍኩላቸው፣ በሦስተኛው ቀን አነሱት። የከፋኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ያነሳው ሰው ፎቶዎቹ ላይ የጎርፉን ምዕራፍ ዘሎታል፣ ጣቱ ገጾቹን አብሮ ገልጦ ይመስለኛል። ያን ምዕራፍ ሳያዩ መጽሐፉን አንብቤዋለሁ የሚሉ ልጆች አሉ ማለት ነው።

ጥር 17

የተሸጠው 341 ደረሰ። የተተኩት 23ቱ ኮፒዎችም በመጨረሻ መጥተዋል።

መጋላ አንድ ትምህርት ቤት አንብቤ ስወጣ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ተከተለኝ። መጽሐፉን ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ገዝቶ ጨርሶታል። «የታጠቡት ገጾች ላይ ምን ነበር የተጻፈው?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። አላመነኝም። «አንቺ ነሽ እኮ የጻፍሽው!» እኔም አላነበብኩትም፣ አንተ ምን ይመስልሃል አልኩት።

ዛሬ ጠዋት አራት ገጽ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት በአስተማሪው በኩል ላከልኝ። አያትየው ምክር አልጻፉም። የአንድ ሌሊት ባቡር ስንት ሰዓት እንደዘገየ፣ ለምን እንደዘገየ፣ ፉርጎው ውስጥ ማን ፍየል ይዞ እንደተሳፈረ ነው የጻፉት። አንድ ቦታ ላይ ፍየሏ ትወልዳለች።

ቅዳሜ 11 ሰዓት ኒሙ ሥር እሱ ያነባል። እኔ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ።